የቴባን መረብ ለምን እንደተንሳፈፈ

ነይ፣ ነይ አበልጄ ኦንያንግ፣ ፀሐዩ አናትሽን ሳይበሳው ወደ ሱቄ ጥላ ግቢ። ኮምጣጤ ነው? አለ፣ ትናንት ነው የመጣው። ዶሮዎችሽስ? ያቺ ነጠብጣቧ መጣል ጀመረች? እሰይ...

ውይ፣ አግዳሚው ላይ ሰው አለ ብለሽ ድምፅሽን አትቀንሺ። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ የተኛ ሰው ምን ይሰማል? ደግሞስ እኔ ሴቤል ሰው አምቼ አውቃለሁ? ዛሬ እንዲያውም ላመሰግን ነው። ስም አልጠራም እንጂ፣ በዚህ መንደር አንድ የተባረከ ሰው አለ...

የቅዱሳችን የሳን ሮኬ በዓል ሳይደርስ በሩን ዘግቶ እርሳስ ሲያቀልጥ አልነበር? ለንፋስ ጠመንጃው ጥይት በገዛ እጁ ሊሠራ! የሱቅ ጥይት እንደኛ ላለ ተራ ሰው ነው ብሎ። ወይ ጥበብ! ብቻ እርሳሱ ከየት መጣ?... እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው፣ በዚያው ሰሞን ባሌ ቴባን መረቡን ባሕር ላይ ቢጥለው አልሰምጥም ብሎ እንደ ቅጠል ተንሳፈፈ። ከታች የሚያሰምጡት እርሳሶች የሉም! ዓሣው ከሥር እየሳቀ አለፈ። «ሴቤል፣ አይጥ እርሳስ ይበላል እንዴ?» አለኝ ምስኪኑ። «የዚህ መንደር አይጥ ምን የማይበላው አለ?» አልኩት። ታዲያ ሰው ልጠርጥር?

ድስቴንም «በቆሎ ልቀቅልበት» ብሎ ተውሶኝ ነበር። አጥቦ መለሰልኝ! ወንድ ልጅ ድስት አጥቦ ሲመልስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንባዬ መጣ። ሩዝ ልጥድበት ስል ግን ታቹ ላይ እንደ ብር የሚያበራ ነገር ተጣብቋል... የበቆሎው ዓይነት ይሆናል። እኔ ግን ፈሪ ነኝ፣ ልጆቼን ሳላበላበት ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።

ጠመንጃውን ሲያስተካክልማ ብታይው! በረንዳው ላይ ፈታታው፣ ዘይት ቀባው፣ የማነጣጠሪያውን መነጽር አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ሲያዞር ዋለ። መልሶ ሲገጥመው ብሎን ተረፈው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እሱ «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ብሎ ኪሱ ከተተው። እንዲህ ነው ልበ ሙሉነት!

የሳን ሮኬ ዕለት አንቺ እናትሽ ጋ ሄደሽ አመለጠሽ እንጂ... ለተኩስ ውድድሩ ጣሳዎቹ ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል። ለአሸናፊው የሚሰጠው የተጠበሰ አሳማ ከኋላ ራቅ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። የኛ ሰው ተነሣ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትንፋሹን ዋጠ... እኛም ዋጥን። የመጀመሪያዋ ጥይት ከአፈሙዙ ወጥታ እግሩ ሥር ጠብ አለች። ሰው ጥርሱ የወለቀ መስሎት ሲፈልግለት ነበር! «ማሟሟቂያ ናት» አለ። ሁለተኛዋ ጣሳዎቹን እንኳ ሳታስደነግጥ አልፋ አሳማው ጎን ውስጥ ገባች። የሞተና የተጠበሰ አሳማ ገደለ! ይህን ማን ይችላል? «ንፋሱ ነው» አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የበራው ሻማ እንኳ አልተወዛወዘም... ግን እሱ ብቻ የሚያውቀው ንፋስ ይኖራል።

አዋላጇ ባስያንግ በተዋሰችው ጠመንጃ ጣሳዎቹን አረገፈቻቸውና አሳማውን ለሁላችን ቆረሰች። ቴባን ገና ሲጎርስ... ቀጭ! ጥርሱ ተሸረፈ። ከአፉ ሲያወጣት ያቺው ጥይት ናት። ባለሙያው ማቅለጡ ሰልችቶት ነው መሰል፣ በሞረድ ብቻ ፍቋታል። የመረቡ አረንጓዴ ክር እንኳ ቀዳዳዋ ውስጥ እንደተሰካ ነው። በአረንጓዴ ክር መረብ የሚያስረው በዚህ ባሕር ዳርቻ ከቴባን ሌላ ማነው? ቴባን ጥይቷን መዳፉ ላይ አድርጎ ቀና ሲል፣ አንድ ሰው ሩዙን ሳይጨርስ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ እየጠጣ ነው... እንዴት ቢጠማው ነው?

ቴባን ዛሬም መረቡ ላይ ድንጋይ አስሮ ነው የወጣው። «ሂድና ጠይቀው» ስለው «ተይው፣ ያፍራል» አለኝ። ያፍራል! አየሽ የባሌን የዋህነት? በሰውዬው ዘንድ ለሌለ እፍረት ይጨነቃል።

አሁን ደግሞ ሰውዬው የመንደሩ ጥበቃ ልሁን ብሎ የመንደሩን ሹም ካፒታኑን ጠይቋል አሉ። እኔ በጣም ነው የደገፍኩት። ሌባን ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል?

በይ፣ ኮምጣጤሽ ይኸው። አትቸኩይ እንጂ፣ ሳልመርቀው ልትሄጂ ነው? እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ክንዱን ያበርታለት፣ ዓይኑን ያብራለት። ጠላቶቹን ሁሉ ሰብስቦ እሱ ባነጣጠረበት ቦታ ላይ ያቁምለት... እኔንና ልጆቼንም ክፉ እንዳይነካን ከመሃላቸው ያድርገን።