ጋሽ በሽር መጽሐፍ ሲጋብዙ

በኮምቦልቻ አንድ የሰፈር እድር የከፈተው ማንበቢያ ክፍል ሊዘጋ የደረሰው መጽሐፍ አጥቶ አይደለም። ጠባቂው ትሑት ስለነበሩ ነው። «ትሕትናን ትነቅፋለች» ብላችሁ እንዳትቆጡኝ፤ እኔም ያደግሁት በዚያው ምክር ነው። ነገር ግን ያለቦታው የገባ ትሕትና ምን እንደሚያጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ደሴ ተወልጄ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ አሁን ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ከደሴ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠው መጽሐፍ ያነባሉ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ፈገግ አሉ። መጠምዘዣው ጋ ስንደርስ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። በመጨረሻም መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አያቸው።

«አባቴ፣ መጽሐፉ ጥሩ ነው?» አልኋቸው።

ወዲያው ከደኑት። «ተይው ልጄ። የሽማግሌ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ያን ያህልም አይደል።»

«እንባዎ እስኪወርድ ሳቁ እኮ!»

«እሱስ ሳቅሁ። ቢሆንም እንዳንቺ ላለው ለተማረ ሰው የሚሆን አይመስለኝም።»

ትዕግሥት ሲታደል እኔ አልነበርሁም። አንጀታቸው እስኪቆስል ያሳቃቸውን መጽሐፍ ዓይኔ እያየ ሲክዱት ተናደድሁና አላስቀምጣቸው አልሁ። ስማቸው ጋሽ በሽር ነው። ከፖስታ ቤት ጡረታ ወጥተው የእድራቸውን ማንበቢያ ክፍል ያለ ደመወዝ ይጠብቃሉ።

«ግን ከእንግዲህ አልጠብቀውም» አሉ። «ሊቀመንበራችን አቶ ወንድምአገኘሁ ‹የእድሩ ድንኳንና ድስት በየሰው ደጅ ተከምሮ ሲበላሽ፣ ሰው ለማይገባበት ክፍል ምን አደከመን?› አሉ። እሑድ መጥተው ክፍሉን ለክተው ለዕቃ ቤት ይረከቡኛል። ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው። የሚመጣው ሰው አንዴ ይገባል፣ ሁለተኛ አይመለስም።»

መጽሐፉን በጋቢያቸው ጠቀለሉት። ከዚያች ክፍል በቀር ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት ቦታ እንደሌላቸው ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም።

«ከሥራ ስወጣ ክፍሉን ያሳዩኛል?»

«ምን የሚታይ አለው ብለሽ… ግን እንግዳ አይመለስም፤ ነይ።»

ከሥራ መልስ ሄድሁ። ክፍሉ የተጠረገ፣ መጽሐፉ ሁሉ በላስቲክ የተሸፈነ ነው። አንድ ሰው ግን የለም። ጥቂት እንደተቀመጥን ራቢያ የምትባል ወጣት ገባች። ደጋን ከምትባል ከአቅራቢያ ከተማ የመጣች ናት፤ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ትሠራለች። የጥጥ ብናኝ ገና ከሻሿ ላይ አልረገፈም።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ በሽር። ከፈረቃ ገና መውጣቴ ነው። እስቲ ድካሜን የሚያስረሳ አንድ መጽሐፍ ይስጡኝ።»

ጋሽ በሽር ያንኑ በሚኒባስ ያነበቡትን አነሡ። «ምንም የለም እንጂ ልጄ… እስቲ ይችን ሞክሪያት። ብዙም አትረባም።»

ራቢያ መጽሐፉን አየች፣ እሳቸውን አየች። «ኸረ ጋሽ በሽር፣ የማይረባማ ቤቴም ሞልቷል! ሄጄ ብተኛ ይሻለኛል» ብላ ሳቀችና ወጣች።

«አዩ?» አልሁ። «አሁን ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግሁ? እዚህ ካለው ሁሉ አብልጬ የምወደውን ሰጠኋት!»

«ታዲያ ለምን ‹አትረባም› አሏት?»

ትኩር ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ? ቤታችሁ እንግዳ ሲመጣ እናትሽ ‹ወጤ ግሩም ነው፣ እንደኔ የሠራ የለም› ትላለች? ‹ባዶ ቤት መጣችሁ፣ ምንም የለም፣ እንዲያው ቅመሱልኝ› ነው የሚባለው። የራስን ማሳነስ እንግዳን ማክበር ነው። እኔ የወደድሁትን መጽሐፍ ‹ድንቅ ነው› ካልሁ፣ ‹የኔ ምርጫ ድንቅ ነው› ማለቴ እኮ ነው። ነውር ነው።»

«እናቴ ‹ምንም የለም› ስትል የወጡ ሽታ ከጓዳ ቀድሟት ወጥቷል። እንግዳው አፍንጫው ስለነገረው ተነሥቶ አይሄድም። መጽሐፍ ግን የተከደነ ድስት ነው፤ አይሸትም። ክዳኑን የሚያነሣለት የቀመሰው ሰው ቃል ነው። እርስዎ ‹አትረባም› ሲሉ ራቢያ ቃልዎን እንዳለ ወሰደችው። በምን ትወቅ?»

«ከፍታ ብታነብ ታውቅ ነበር።»

«ቀኑን ሙሉ ማሽን ስር ቆማ የዋለች ሴት፣ ባለቤቱ የናቀውን መጽሐፍ የምትከፍትበት ምን ጉልበት ቀርቷታል?»

«እሺ፣ ባወድሰውና ባትወደውስ? ‹ሽማግሌው ዋሸኝ› አትልም?»

«አልወደድሁትም ካለች አልወደደችውም፤ ስድብ አይደለም። ደግሞ ማን አወድሱ አለዎት? ‹ከዓለም አንደኛ ነው› ማለት የነጋዴ ሥራ ነው። እርስዎ ያነበቡትንና የሆኑትን ብቻ ይናገሩ፤ ‹እዚህ ላይ ሳቅሁ፣ እዚያ ላይ እንቅልፍ አጣሁ› ይበሉ። ይህ ምስክርነት ነው። ያዩትን መደበቅስ በእርስዎ ዘንድ እንዴት ይታያል?»

ጋሽ በሽር ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

«ምስክርነት መደበቅስ… ወንጀል ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አላህ ዘንድ ያስጠይቃል።»

«እንግዲያው ለኔ ይመስክሩልኝ። ምን ነበር ያሳቀዎት?»

መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያ ጀመሩ፤ ከጀመሩ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። «ሰውዬው ከሚስቱ ተጣልቶ ‹ወላሂ፣ ሁለተኛ በዚህ በር አልገባም!› ብሎ ይምላል። እልኸኛ ነው። በነጋታው በመስኮት ይገባል! ሚስቱም የባሰች እልኸኛ ናት፤ ‹አንተ በመስኮትህ፣ እኔ በበሬ› ትለዋለች። ሊያስታርቁ የመጡት ሽማግሌዎች ‹በየት እንግባ?› ተባብለው ደጅ ላይ እርስ በርስ ይጣላሉ። ግማሹ በበር ይገባል። አንዱ ወፍራም ሽማግሌ ደግሞ ለባልየው አድልቶ በመስኮት ልግባ ሲል ተሰንቅሮ ይቀራል!» ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ሲንፈራገጡ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ኋላ ልጃቸው ልትዳር ነው። አባት ‹በመስኮት ካልወጣች አልመርቃትም› ይላል። እናት ‹በበር ካልወጣሽ የጠባሽው ጡቴ ይፍረድብሽ!› ትላለች። ሙሽራው ደጅ ቆሟል፣ ዘፈኑ ደምቋል፣ ልጅቷ መሐል ቤት ተገትራ ታለቅሳለች…»

«እሺ፣ በየት ወጣች?» አለ ከኋላችን ድምፅ።

ራቢያ ናት። የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ ተመልሳ ደፉ ላይ ቆማለች።

ጋሽ በሽር ሊመልሱላት አፋቸውን ሲከፍቱ «እንዳይነግሯት!» ብዬ ጮኽሁ። መጽሐፉን አንሥቼ በእጇ አስያዝኋት።

«ይሄ ነው ‹አትረባም› ያሉኝ?» አለች። «ወላሂ ጋሽ በሽር፣ በድለውኝ ነበር!» ጃንጥላዋን ዳግመኛ ረስታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው በራሱ ሄደ። ራቢያ በሁለተኛው ቀን ጨርሳ ስትመለስ ሁለት የክፍሏን ሠራተኞች አስከትላ መጣች። ጋሽ በሽርም ደንብ አወጡ፤ መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ምን እንዳደረገው ለተቀመጡት ይመሰክራል፣ መጨረሻውን የተናገረ ግን ሻይ ይጋብዛል። ያልወደደም «አልወደድሁም» ይላል፤ እንዲያውም ከሁለቱ አንዷ፣ ከኩታበር የመጣችው ስመኝ፣ አንዱን መጽሐፍ እንዲያ አድርጋ ስታጣጥለው፣ «እስቲ እውነቷን ነው?» ብሎ የሚሻማው በዛ።

ጥቅሙን ለመቁጠር ሊቅ መሆን አያሻም። ከየገጠሩ መጥተው በማሽን ጩኸት መካከል ጎን ለጎን ቆመው ሳይተዋወቁ የኖሩ ሰዎች የሚያወሩት አገኙ። መጽሐፍ የሚሻ የሚመርጥበት ምክንያት፣ ያልወደደ የሚከራከርበት ድፍረት አገኘ። ጋሽ በሽርም ብቻቸውን መሳቅ ቀረላቸው። የወደዱትን መጽሐፍ ደብቆ መያዝ ጨዋነት አይደለም፤ ንፍገት ነው።

እሑድ አቶ ወንድምአገኘሁ ሜትር ይዘው ሲመጡ መቀመጫ አጡ።

«ጋሽ በሽር፣ ማን ሞተ? ይህ ሁሉ ሕዝብ ለቀስተኛ ነው?»

«አንባቢ ነው፣ ሊቀመንበር።»

«እሱ ለአንድ ሳምንት ነው። ድንኳኔን ዝናብ እየመታው ነው።»

«ድንኳን ሰው ሲሞት ይሰበስበናል» አሉ ጋሽ በሽር። ከወትሮው ቀና ብለዋል። «ይህ ክፍል በሕይወት ሳለን ይሰበስበናል። እስቲ ተቀምጠው አንድ ምስክር ይስሙ፣ ከዚያ ይለኩ።»

ራቢያ ተነሥታ የባለመስኮቱን ሰው ታሪክ ጀመረች። አቶ ወንድምአገኘሁ መጀመሪያ በቁማቸው፣ ከዚያ በበርጩማ ጫፍ ሆነው ሰሙ። ወፍራሙ ሽማግሌ ሲሰነቀር የራሳቸውን ሆድ አይተው ሳቁ። ልጅቷ መሐል ቤት ስትገተር ራቢያ ወሬዋን አቁማ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«እህ? በየት ወጣች?»

«ያንብቡት!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ሊቀመንበሩ ሜትሩን አገላብጠው አዩት። «ድንኳኑን እኔ ቤት አምጡት» አሉ። «ሳሎኔ ሰፊ ነው። ክፍሉ ባለበት ይቆይ።» ጭብጨባው ሳያበቃ መጽሐፉን ከራቢያ እጅ ላፍ አድርገው ኮታቸው ስር ሸጎጡት።

«ተራው የኔ ነው!» ብላ ስመኝ ብድግ አለች።

አቶ ወንድምአገኘሁ መስኮቱን አዩ፣ በሩን አዩ። ከዚያ በበሩ ተፈትልከው ወጡና፣ እንዳትከተላቸው ከኋላቸው ግጥም አድርገው ዘጉት።