በመድኃኒት ጃሪካን የተነሣ የአማትና የምራት ክርክር

ሙሽራዋ ወደ ጓሮ የወጣችው ልብስ ልታሰጣ ነበር። ከባሕር ማዶ ተድራ ከብርቱካን እርሻው የሠራተኞች ሰፈር ከገባች ገና ወሯ ነው። አማቷ የልጃቸውን የሥራ ልብስ ሳፋ ውስጥ በዱላ ሲያገላብጡ ቆይተው፣ አሁን ከሰማያዊ ጃሪካን ውሃ ይቀዳሉ። ጃሪካኑ ላይ የራስ ቅል ተሥሏል። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ኩባያውን ለመቀበል እጇን ዘርግታለች።

«አትስጪያት!» ብላ ሙሽራዋ ጮኸች። ድንጋጤ «እርስዎ» ማለትን አስረስቷት፣ ኩባያውን ከአማቷ እጅ ነጥቃ ደፋችው።

በዚያ ሰፈር ውሃ ከሩቅ ስለሚቀዳ፣ ውሃ መድፋት እህል ከመድፋት አይለይም። በአማት ፊት ሲሆንማ!

«አበጀሽ የኔ ሙሽራ!» አሉ አማት። «ደግሞ አንቺም አልሽኝ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ጃሪካኑ እኮ ባለቤቴ ዛፍ ላይ የሚረጨው መርዝ ያለበት ነው።»

«ነበረበት በይ! በአመድ ፈትጌ አጥቤዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ሲጠጣ ማን ሞተ?»

«ታዲያ ልጅቷ ለምን ያስመልሳታል?»

«ጥርስ እያበቀለች ነዋ! ሳትወልጂ ልጅ ማሳደግ ልታስተምሪኝ? ልጄ ይምጣ ብቻ፤ ዛሬውኑ ወደ አገርሽ ይሸኝሽ!»

ሙሽራዋ በዚያ ምድር ከባሏ በቀር ዘመድ የላትም፤ እሱም የእናቱን ቃል አጥፎ አያውቅም። ዝም ብትል ትዳሯ ይድናል። ልጅቷ ግን ከንፈሯ ገርጥቷል።

«እሺ ይሸኘኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ይህን ልብስ በዱላ የሚያገላብጡት ለምንድን ነው?»

«እጄን ይለበልበኛላ!»

«ልብሱን የነካው ፍንጣሪ ነው እማማ። ጃሪካኑ ግን መድኃኒቱን በሆዱ ይዞ ከርሟል፤ ፕላስቲኩም መጦታል። አመድ ላዩን ያጥባል እንጂ ውስጡ የገባውን አያወጣም። ሥራ ያጠነከረውን የእርስዎን እጅ የለበለበ የሕፃን አንጀት ይምራል?»

ልጅቷ «ውሃ!» ብላ አለቀሰች። አማት እንደ ልማዳቸው ኩባያውን አነሡና እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

«እኔው በእጄ…» አሉ ቀስ ብለው።

ተነሥተው ጃሪካኑን ገለበጡ፤ መጥረቢያ አምጥተው ሆዱን ቀደዱት። «ሌላው አንሥቶ እንዳይጠጣበት። በይ ማሰሮውን አውጪልኝ፤ አብረን ውሃ እንውረድ።» ጎረቤታቸው በአጥር ስታሾልቅ አይተው፣ «ምን ታያለሽ? ያንቺንም ጃሪካን ይዘሽ ነይ፤ ልቅደደው!» አሏት።

ባል ከሥራ ሲመለስ እናቱ በሩ ላይ ጠበቁት። «ቁም! ልብስህን እዚያው አውልቀህ ታጠብ፤ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ።» እሱም ሚስቱን ቢያያት፣ «እሷን ምን ታያታለህ? ያልኩህ እኔ ነኝ!» አሉት።

ብዙ ሳይቆይ ልጅቷ ማስመለሷን ተወች፤ ከንፈሯም ቀላ። የእርሻው የመድኃኒት መጋዘንም በሰፈሩ ሴቶች ጭቅጭቅ ባዶውን ጃሪካን ሳይበሳ ማውጣት አቆመ። ስንቱ ልማድ እንዲህ ማንም ሳይጠይቀው ይኖራል! ምክርን ከተናጋሪው አገር ይልቅ በሚያድነው ሕይወት መመዘን ይሻላል። አማትም ውሃ ሲወርዱ ለሰው ሁሉ፣ «ምራቴ ውሃ ደፍታ ልጅ አተረፈችልኝ» ማለት ጀመሩ።