የአጥንት ፎቶ ያስፈራቸው ግንበኛ

የሆስፒታሉ አሳንሰር ተበላሽቶ ስለነበር የራጅ ሐኪሟ በደረጃ ስትወጣ፣ አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው መሐል ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘች። የምርመራ ወረቀታቸው ሲሚንቶ ባሻከረው መዳፋቸው ውስጥ ተጨማድዷል።

«አባቴ፣ ልደግፍዎት? የአጥንት ፎቶ ወደ ላይ ነው» አለቻቸው።

«ኑሪልኝ ልጄ። እኔ ግን ወደ ታች ነኝ። ወንድሜን እዚያ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ በወጣ በአሥራ አምስት ቀኑ ቀበርኩት። ጨረሩ ነው የበላው። የእኔ ደግሞ አርባ ዓመት ድንጋይ የተሸከመ ወገብ ነው፤ ቢያመው ምን ይደንቃል?»

ሐኪሟ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ውሎዋ በጨለመ ክፍል ከምስል ጋር ስለሆነ የበሽተኛ ድምፅ እምብዛም አትሰማም።

«ወንድምዎ ሲመጡ ምን ያህል ጊዜ ታመው ነበር?»

«ዓመት ሊሞላው ነበር። መነሣት ሲያቅተው በቃሬዛ አመጣነው።»

«እንግዲያው ፎቶው በሽታውን ተናገረ እንጂ አላመጣውም። መርዶ ነጋሪ ገዳይ ነው እንዴ?»

«አፍሽ ይጣፍጣል። ከፎቶው በፊት የምትወጉኝ መርፌ ውስጥ ግን ጨረር አለ አይደል? ቤት የዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ከጭኔ አትወርድም።»

«አለ፤ አልዋሽዎትም። ግን ጥቂት ነው፤ አጥንቱ የታመመበት ቦታ ላይ ይከማቻል። ካሜራው ከዚያ የሚወጣውን ይቀበላል እንጂ እሱ ራሱ ጨረር አይረጭም። ውኃ በደንብ ከጠጡ በሽንት ይወጣል። ሕፃኗን ዛሬን ብቻ አያቅፏት።»

«ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ባላየውስ?»

«አገሩስ አይናፍቅ ይሆናል፤ በሽታ ግን ባያዩትም ሥራውን አይተውም። እርስዎ ግድግዳ ሲሰነጠቅ መሠረቱን ሳያዩ ቀለም ይቀቡታል?»

ሽማግሌው ሊስቁ ቃጣቸው፤ ሳቁ ወገባቸው ላይ ሲደርስ ማቃሰት ሆነ። ክንዷን ይዘው ወጡ።

መርፌውን ተወጉ፤ ሦስት ሰዓት ጠብቀው ካሜራው ሥር ተጋደሙ። አከርካሪያቸውና ዳሌያቸው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወጡ። ካንሰር ነበር። ውጤት መንገር የላካቸው ሐኪም ድርሻ ቢሆንም፣ «ይውጡ» ያለቻቸው እሷ ናትና ራሷ ሄደች።

«ፊትሽ ነገረኝ» አሉ። «እድናለሁ?»

«አይድኑም አባቴ፤ ሥር ሰዷል። ግን አከርካሪዎ ሊደረመስ ተቃርቧል፤ ዛሬ ባናየው እግርዎ ሽባ ይሆን ነበር። እሱን የሚያተርፍ፣ ሕመሙንም የሚያስታግስ ሕክምና አለ።»

ሽማግሌው ወገባቸውን ዳበስ አደረጉ። «ስድስት ወር ሙሉ በቅባት ስታሽ! ያኔ ብመጣ ኖሮስ?»

«ያኔ ቢሆን ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።»

ሐኪሟ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እውነት መናገር ደግ ሥራ ነው፤ ለተናጋሪው ግን አይቀልም።

ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌው በእግራቸው ተመለሱ። ከስተዋል፤ ሕመሙ ግን ቀሎላቸዋል። ታናሽ እህታቸውን ይዘው ነበር፤ ጡቷ ላይ ያበጠውን ለማንም ሳትናገር ከርማለች። በሩ ላይ ስትደርስ አንገራገረች።

«ሳላውቀው ብሞት ይሻለኛል፣ ወንድምዬ።»

«ስሚኝ እቴ፤ እኔም እንዲሁ ብዬ ዘገየሁ። ፎቶው ዕድሜ አልቀጠለልኝም፤ ቆሜ መሄድንና ቤቴን ማሰናዳትን ግን ሰጠኝ። ቀድሞ ለመጣ ዕድሜም ይሰጣል። በጊዜ ያዩት በሽታ ይነቀላል፤ የሸሸጉት ባለቤቱን ይነቅላል። ግቢ።»

ገባች። እብጠቱ ገና ትንሽ ነበርና በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ሽማግሌው ዓመት አልደፈኑም፤ እህታቸው በጤናዋ ቆማ፣ አልቅሳ ቀበረቻቸው።