ወደ ወግዲ የሄደው ስንቅ

ክቡራትና ክቡራን... ይቅርታ፣ ዘንድሮ «ጓዶች» ነው የሚባለው፤ አፌ ገና አልለመደም። ርዕሰ መምህራችን ጓድ ገበየሁ፣ ባልደረቦቼ፣ ስለ መሸኛው ጋቢም ስለ ሽሮውም እግዜር ይስጥልኝ። ረቡዕ ባይሆን በግ ይታረድልኝ ነበር ብዬ ልጽናና።

ለነገሩ ስፖርት ማስተማር ስጀምር ሽሮ እንቅ ነበር። ስንሠለጥን «ሯጭ ያለ ወተትና እንቁላል አይሮጥም» ብለውናል። እዚህ መካነ ሰላም ይታይሽን አገኘሁ፤ የወግዲ ቄስ ልጅ፣ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር። በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ ለደሴው ውድድር ሳዘጋጃት፣ «ወተት ጠጪ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ጾሜን አልገድፍም።»

ያስታረቁን እኚህ የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። «ያገሬ ገበሬ ሁዳዴን በምን የሚያርስ መሰለህ? ምስር አለ፣ ሽንብራ አለ፣ ተልባ አለ። ብቻ ጠግባ ትብላ» አሉኝ። ከልምምድ በፊት በሶ፣ ከልምምድ በኋላ ንፍሮና ተልባ አልን። በሁለት ሳምንት ወንዶቹን ጥላቸው ትሄድ ጀመር! ለካ የጎደላት ወተት አልነበረም፤ መጥገብ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ከሳች። የሳምንቱን በሶ እሰጣታለሁ፤ እሷ ግን ትመነምናለች። ምን አደረግኩ? «ሰነፍሽ» ብዬ ዙር ጨመርኩባት። በማጣሪያው ቀን፣ ለፍተሻ በመጣ አንድ ተቆጣጣሪ ፊት ወደቀች።

«ዛሬ ምን በላሽ?» አልኳት።

«ውሃ ጠጥቻለሁ።»

«በሶውስ?»

«ቅዳሜ ቤት ወሰድኩት። ወንድሞቼ ምንም የላቸውም።»

ተማሪ ከቤቱ ስንቅ ይዞ ይመጣል እንጂ ከከተማ ወደ ገበሬ ቤት ስንቅ ይሄዳል? አገሩ ምን እንደ ደረሰበት ያን ጊዜ ገባኝ።

ተቆጣጣሪው ግን «ረሃብ የሚል ቃል በሪፖርቱ እንዳላይ» አለኝ። እኔም «በልምምድ ማነስ ወደቀች» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩም። በነሐሴ ታናሽ ወንድሟ ሞተ።

ይህን ማናችሁም አታውቁም። አብዮቱ ፈንድቶ ሁሉም «ረሃቡ ተደበቀ!» እያለ ሲጮኽ፣ እኔም አብሬ ጮኼአለሁ።

አምና ይታይሽ ያቋረጠችውን ትምህርቷን ልትጨርስ ተመለሰች። ሩጫውን ትታዋለች። የጻፍኩትን ነገርኳት። «ጋሼ፣ እውነቱን ጽፈው ቢሆን የሚደርስልን ሰው ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ዛሬም አላውቅም። ሳልጽፈው ቀረሁና የማውቅበትን መንገድ ዘጋሁት።

ወዳጄ መምህር ቢተው፣ አንተ ነህ የምትተካኝ። ፊሽካ ከመንፋትህ በፊት ልጆቹ ምን እንደ በሉ ጠይቅ። የነገሩህንም ሳትፈራ ጻፈው።

አገራችንን ጥጋብ ያድርግልን። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ፤ የዘራችሁትን ለማጨድ ያድርሳችሁ። ለእኔም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በየእምነታችሁ ዱዓ አድርጉልኝ። ያስፈልገኛል።