በመላጊያ ያለፈው ንግግር

ጦርነቱ የታወጀው የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት በመጋቢት ወር ነበር፤ ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ወንድማችን ያን ጊዜ የአርባ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ።

ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በበኩርነት ተወልደው፣ ከትምህርት ቤት መልስ በአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት መላጊያ ከእንጨት የላጠውን ፍቅፋቂ እየጠረጉ አደጉ። ቋንቋ አጥንተው በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ፣ የአገራችንን መሪ ንግግር ለውጭ አገር መልእክተኞች የሚተረጉመውን ክፍል ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት መሩ። ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ወጥተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

የክፍሉ ልማድ በቁጣ የተነገረውን አለዝቦ ማውጣት ነበርና፣ በዚህ ወደር ያልነበራቸውን እርሳቸውን ባልደረቦቻቸው «መላጊያው» ይሏቸው ነበር። አባታቸው ግን «ልጄ፣ ጉጥ ተላገ እንጂ ተነቀለ አይባልም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በዚያ መጋቢት መሪው በአዳራሹ ቆመው «ዓለም ደገፈንም አልደገፈንም፣ ድንበሩን ተሻግረን ከተሞቻቸውን አመድ እናደርጋለን» ሲሉ፣ ወንድማችን «ሌላው መንገድ ሁሉ ከተዘጋብን ብቻ ራሳችንን እንከላከላለን» ብለው ጻፉ። እጃቸው የለመደውን ሠራ። በሳምንቱ አምስት መንግሥታት ያችኑ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው ድጋፋቸውን፣ ቀጥሎም መሣሪያቸውን ሰጡ፤ የአምቡላንስ ሹፌር የነበረው ወንድ ልጃቸውም በሁለተኛው ወር ዘምቶ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸውን ለቀው በአንድ የመድኃኒት ማከፋፈያ የመድኃኒት መግለጫዎችን፣ አንዲት የጎንዮሽ ጉዳት እንኳ ሳይዘሉ፣ ሲተረጉሙ ኖሩ። ባለቤታቸው «አንተ የተረጎምከውን ያነበበ በሽተኛ ኪኒኑን ሳይውጥ በድንጋጤ ይድናል» ብለው ሲያሾፉባቸው ፈገግ ይሉ ነበር፤ የልጃቸው ነገር ሲነሣ ግን «ያቺን ወረቀት የጻፍኳት እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣቸውም ነበር።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ለሁለት ዓመታት ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ጠዋት በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ያልዐረፈች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ከልጃቸውም ያገናኝልን።

«ነፃ እንድወጣ አይደለም፣ እንዲታወቅ ነው» ብለው ወንድማችን ራሳቸው ይነበብ ያሉት አንድ ነገር ይቀራል። ጦርነቱ በተጀመረ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ ከአምስቱ መንግሥታት የአንዱ ኤምባሲ ጸሐፊ የነበሩና በጡረታ ላይ ያሉ ሴት ቤታቸው ድረስ መጥተው እንደነገሯቸው፣ አምስቱም ኤምባሲዎች በዚያ አዳራሽ የየራሳቸውን ተርጓሚ አስቀምጠው ነበር፤ መሪው የተናገሩት እንዳለ በዚያው ቀን ለመንግሥቶቻቸው ደርሷል፤ መንግሥታቱ ለየምክር ቤቶቻቸው ያነበቡት ግን የወንድማችንን ወረቀት ነበር።