የእማማ ሐዋ ቁራሽ
ገና በመጣ ቁጥር የእማማ ሐዋ ነገር ይቆጨኛል። ጊንጆ ጉዱሩ በሚባለው ሰፈራችን ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ሙስሊም ስለሆኑ ዶሮ ወጣችንን አይነኩም፤ የሳቸው ድርሻ ለበዓሉ የምንጋግረው ኬክ ነው። እንቁላሉንም ከዶሮዎቻቸው ለቅመው በዋዜማው የሚልኩልን እሳቸው ናቸው። አንድ ገና ታዲያ እህቴ ከአዲስ አበባ መጥታ "ዘንድሮ ኬኩን ለኔ ተዉት" አለች። ተውንላት። ጾም ላይ ነን፣ ማን ይቀምሰዋል? በበዓሉ ጠዋት ሲቆረስ እንደ ልማዳችን የመጀመሪያውን ለእማማ ሐዋ ሰጠናቸው። ጎረስ አድርገው "ማሻአላህ፣ ምን ብትጨምሩበት ነው እንዲህ ያወደው?" አሉ። እህቴ ደስ ብሏት "ኮኛክ ነው፤ ትንሽ ጠብ አደረግሁበት" አለቻቸው።

እማማ ሐዋ ፊታቸውን ዞር አድርገው የጎረሱትን በሻርፓቸው ጫፍ ተቀበሉና ቀስ ብለው "አስተግፊሩላህ" አሉ። እህቴ ስታለቅስ ያባበሏትም እሳቸው ናቸው። "ተይ ኢንታላ ኮ፣ ተይ ልጄ፣ አውቀሽ አይደለም። ይልቅ ሻይ ስጪኝ።" ሻዩን ብቻውን ጠጥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ኬኩን የምጋግረው እኔ ነኝ፤ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከሳቸው እንቁላል በቀር ምንም አላስነካውም። እንቁላሉን አላስቀሩብንም፤ ለበዓሉም ይመጣሉ። ቁራሹን ስሰጣቸው ግን "ቤቴ እበላዋለሁ" ይሉና በዚያው በሻርፓቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። ይብሉት አይብሉት እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው?