መቃብሩ ላይ የተጋደመው ጥላ

ገና ተመርቄ ምድብ ቦታዬ ልገባ ከቴፒ ወደ ሚዛን ስሄድ፣ ላንድሮቨሩ ውስጥ ጥቁር በለበሰች ሴትዮና አንገቱ ላይ ካሜራ ባንጠለጠለ ሰውዬ መሀል ተጣበቅኩ። ቦታ እንቀያየር ብላቸው አልሰሙኝም። እሱ ያነሳውን ፎቶ ጭኔ ላይ ዘርግታ በላዬ ይነታረካሉ።

«ጓድ፣ ይሄንንም ፎቶ ብለህ ሰጠኸኝ?»

«ምን ሆነ እህቴ?»

«የወንድሜ መቃብር መስቀል አናቱ ተቆርጧል። ቀባሪው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል።»

«ፀሐዩ ነዋ ያስጨፈናቸው።»

«ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞርካቸው አንተ። ትንሽ ወደ ጎን ብታቆማቸው ምን ነበረበት?»

«ፀሐይን ሁሌ ከኋላህ አድርግ ነው የተባልኩት።»

«አመሻሽ ላይም? ይኸው ጥላህ መቃብሩ ላይ ተጋድሟል።»

«ትንሽ ነው እኮ።»

«ከራስጌ እስከ ግርጌ ነው። ማጂ ወስጄ ለእናቴ ነው የማሳየው። እግሯ አልሄድ ብሏት ልጇን አልቀበረችም። ልጄ ላይ የተኛው ማነው ብትለኝ ምን ልበላት?»

«ቄሱ ናቸው በያት።»

«ቄስ ክርኑን እንዲህ ከፍቶ ይቆማል? ካሜራ መያዝህ ከጥላህ ያስታውቃል።»

«እንግዲያው ጥላውን በመቀስ ቁረጪው።»

«ጥላህን ስቆርጥ መቃብሩም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ምኑን ላሳያት?»

ሚዛን ስንደርስ ፎቶውን ከጭኔ ላይ አነሳሁና፣ ጣቴ መቃብሩ ላይ እንዳያርፍ በዳሩ ይዤ ሰጠኋት።